ያልተቀመጡባቸው 137 ወንበሮች



ስለ ፖለቲካ ለመጻፍ ብዕር የማነሣ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ልጆችን ማስቀራት ነው። ይሁንና ልጆቹ ከመድረሳ ወጥተው የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚጠጡት ውኃ፣ በቀለም ትምህርት ቤት የሚቀመጡበት ወንበር ሁሉ የሚወሰነው ሰዎች ተሰብስበው በሚመክሩበት አዳራሽ ነው። ያ አዳራሽ ሲዘጋ፣ ወይም ተከፍቶ እርስ በርሱ የሚነጋገር ሰው ሲጠፋበት፣ ጉዳቱ ቶሎ የሚሰማው እንደኛ ባለው ሰፈር ነው። የአብነት ሰው ይህን በ1997 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለትና ሦስት ዓመታት በዓይኑ አይቷል።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ለኡስታዛችን ረዳት በመሆን ትንንሾቹን ቃዒዳ የማስቀራ ወጣት ነበርኩ። ግንቦት 7 የዋለው እሑድ ነበር። ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ የምርጫ ጣቢያው ሰልፍ አጥሩን ዞሮ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቷል። ከሌሊት ጀምረው የቆሙ አዛውንቶች ነበሩ፤ በርጩማ ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ሕፃን ያዘሉም ነበሩ። እናቴ የምርጫ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆመች። ማንን እንደመረጠች ዛሬም ድረስ አልነገረችኝም። “ምሥጢር ነው ተብሏል እኮ” ትለኛለች፤ ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው።

በዚያ ምርጫ ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት ደግሞ በሁለት ጣት ምልክት ነበር የተወዳደሩት። ሚያዝያ 29 የንቡ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 የሁለት ጣቱ ሰልፈኛ መስቀል አደባባይን ሞላው። ውጤቱ ሲነገር አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት 23 መቀመጫ በሙሉ ለተቃዋሚው ሆነ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። በአገር ደረጃ፣ ድጋሚ ምርጫው ሁሉ ተጠናቆ ሲደመር፣ ከ547ቱ ወንበር ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ተቃዋሚው “ተጭበርብሯል” አለ፤ መንግሥት “አልተጭበረበረም” አለ። በዚህ ጉዳይ ዳኛ ልሁን አልልም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር እንኳ እንዳለ ቢወሰድ፣ ሁለቱ ትልልቅ ተቃዋሚዎች ብቻ ከ160 የሚበልጥ ወንበር ይዘው ነበር። አገራችን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የተቀላቀለ ምክር ቤት ኖሯት አያውቅም። ከዚያም ወዲህ አላየንም።

ታዲያ ምን ሆነ?

አንደኛው ነገር የሆነው አዲሱ ምክር ቤት ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ቀድሞ በነበረው ደንብ በተወካዮች ምክር ቤት 20 አባላት ከተስማሙ አንድን ጉዳይ አጀንዳ አድርገው ማቅረብ ይችሉ ነበር። የሥራ ዘመኑ እያለቀ የነበረው ምክር ቤት ግን ከምርጫው በኋላ ይህን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልግ አደረገ። ለብዙ ሰው ይህ ትንሽ የአሠራር ጉዳይ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንድን ሰው ግባና ተቀመጥ ብለኸው፣ “ነገር ማንሣት የምትችለው ግን እኔ ስፈቅድልህ ነው” ካልከው፣ ያ ሰው ከውጭ መቆምን ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ሁለተኛው ደግሞ ከተቃዋሚው ወገን ነው። በመስከረም 1998 ኢሕአዴግ፣ ቅንጅትና ኅብረት ለድርድር ተቀምጠው ነበር፤ ሳይስማሙ ተነሡ። ቅንጅት በውስጡ “እንግባ” እና “አንግባ” በሚሉ ሰዎች ተከፈለ። ደጋፊውም ሲጠየቅ አብዛኛው “አትግቡ” አለ። መስከረም 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲከፈት የኅብረት ሰዎች፣ እነ ዶክተር መረራ ጉዲናና ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፣ ገቡ። ከቅንጅት የቀረው ቀርቶ የገባውም ገባ። የገቡት ሰዎች ግን ምን ተባሉ? አቶ ልደቱ አያሌው ከሃዲ ተባሉ። በእኛ ሰፈር እንኳ ስማቸው ሲነሣ ሰው ምራቁን ይተፋ ነበር። ግራ የሚገባው ያው ምራቁን የሚተፋው ሰው ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሲጠይቁ ለመስማት መሽቀዳደሙ ነው። ሻይ ቤቱ በዚያ ቀን መቀመጫ አይገኝበትም ነበር። ሰው የተጠማው ክርክሩን ነበረ፤ ተከራካሪው አዳራሹ ውስጥ መግባቱን ግን አልወደደለትም።

በዚህ መካከል ሰው ሞተ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ብጥብጥ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ራሱ ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። የጥቅምቱ ከመርካቶ ጀምሮ ወደኛም የደረሰ ነበርና እነዚያን ቀናት የሚያስታውስ የአብነት ወላጅ ዛሬም ልጁ ሲያመሽበት ልቡ ይደነግጣል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው በኋላ፣ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩት የአገር ሽማግሌዎች ብዙ ተመላልሰው፣ በዚያው ወር በይቅርታ ወጡ። አላህ ሽማግሌ አያሳጣን። ግን ሽማግሌ የሚጠራው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ 137ቱ ወንበሮች ልመለስ። ቅንጅት በነሐሴ 1997 ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መርጦ ነበር። እርሳቸው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። የከተማው ምክር ቤት አልተሰበሰበም። በግንቦት 1998 አቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመሩት ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ፤ እስከ ግንቦት 2000 ድረስም ቆየ። ባለአደራ ማለት የሰው ዕቃ የሚጠብቅ ነው፤ የሰው ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ቤት አያፈርስም፣ ቤት አይሠራም። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ከምርጫው ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል የመረጠቻቸው ሰዎች ሳይቀመጡላት ኖረች ማለት ነው። የአገሩ ትልቅ ጠብ የሰፈሩን ትንንሽ ሥራዎች እንዴት እንዳሰረ የገባኝ ያኔ ነው።

በ1998 ክረምት ከመድረሳችን ጀርባ የሚያልፈው ቦይ ተደፍኖ ውኃው ወደ ቤቶቹ ይገባ ጀመር። ለማመልከት የሄድንበት ጽሕፈት ቤት “ጠብቁ” አለን፤ ጠበቅን። ዝናቡ ግን አልጠበቀንም። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ሰፈሩ እድር መጣ። እድራችን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው፤ ለድንጋይና ለሠራተኛ የሚበቃ ገንዘብም ባንክ ነበረው። ችግሩ ገንዘቡን ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ማስፈለጉ ነበር። ሰብሳቢው መርካቶ የሚነግዱ፣ ከቀበሌ ስብሰባ የማይቀሩ፣ የንብ ሰው የሆኑ ሐጂ ናቸው። ገንዘብ ያዡ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ታክሲ ሲያስቆሙ እንኳ ሁለት ጣት የሚያወጡ ጋሼ ናቸው። ሁለቱ ከምርጫው ወዲህ ሰላምታ አቋርጠዋል። ስብሰባ ሲጠራ ጋሼ “ከካድሬ ጋር አብሬ አልፈርምም” ይላሉ። ሐጂ ደግሞ “አገር ካቃጠለ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አለኝ!” ብለው ይነሣሉ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። እኛም ልጆቹን ውኃ ወደማይደርስበት ወደ አንድ ደግ ሰው በረንዳ አዛውረን እናስቀራ ነበር።

ነገሩን የፈታችው የእድሩ የዕቃ ቤት ኃላፊ የነበረች እትዬ ናት። ትምህርት የላትም፤ የብረት ድስቱንና የድንኳኑን ቁልፍ ግን የያዘችው እርሷ ነበረች። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ምርጫ የተነፈሰ 5 ብር ይከፍላል፤ አልከፍልም ያለ ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳን ከእኔ አይጠብቅ” አለች። ሁሉም ሳቀ። ሐጂም “ይኼማ የቅንጅት ሕግ ነው” አሉና የመጀመሪያውን 5 ብር ከፈሉ። በሁለት ስብሰባ 85 ብር ተሰበሰበ። አሥራ ሰባት ቅጣት መሆኑ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሚበዛው የሁለቱ ሽማግሌዎች ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስለ ቦዩ ብቻ የሚነገር ነገር ቀረና ተፈረመ። በሁለት እሑድ ተጠርጎ ግማሹ በድንጋይ ተገነባ። የቀረው ግማሽ በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል ተብሎ ሳይሠራ ቀረ፤ በኋላ ያ ሁሉ ሰፈር ለልማት ሲነሣ ቦዩም አብሮ ጠፋ።

ልብ በሉ፤ ያቺ ሴት ሐጂንና ጋሼን አላስታረቀችም። “ማን አሸነፈ?” የሚለውን ጥያቄም አልመለሰችም። ያደረገችው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊፈታ የማይችለውን ጉዳይ ከጠረጴዛው ላይ ማንሣት ብቻ ነው። ሐጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጋሼ እስከ መቃብር ሸኝተዋቸዋል። ዛሬ ስለ እርሳቸው ሲጠየቁ የሚሉት፣ “ሐጂ ደግ ሰው ነበሩ፤ ምርጫው ግን ተሰርቋል” ነው።

አንዳንድ ወንድሞች “ይህ የፓርቲዎች መቆላለፍ በአሜሪካም አለ እኮ” ይላሉ። እውነት ነው፤ አለ። በ2018 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ወራት፣ ሁለቱ ፓርቲዎቻቸው በበጀት ሳይስማሙ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ 43 ቀን ተቋርጦ ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በታሪካቸው ረጅሙ ነው ተብሎ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ ጠባቂዎች ሳይቀሩ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ሰንብተዋል። ግን የእነርሱ ችግርና የእኛ ችግር አንድ አይደለም። እዚያ ሁለት ጉልበታቸው የተመጣጠነ ሰዎች ገመድ ይጓተታሉ፤ ገመዱ መሐል ላይ ይቆማል። እኛ ጋ ግን አንዱ ገመዱን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ሌላው ደግሞ ገመድ የሚባል ነገር እንደሌለ ተናግሮ ሜዳውን ትቶ ይሄዳል።

ለዚህ የምርጫ ሥርዓታችንም ያግዛል። በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ይወስዳል፤ ለሌሎቹ የሰጠው ሰው ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም። በዚህ ምክንያት በ1997 ከአዲስ አበባ 23 ወንበር ሁሉንም ተቃዋሚው ወሰደ። በ2002 ደግሞ 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። የከተማው ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ልቡ እንዲህ ተገልብጦ ነው? እኔ አይመስለኝም። በአገር ደረጃ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 ያዙ። የቀሩት አንድ የግል ተወዳዳሪና ከመርካቶ አካባቢ የተመረጡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችን መርካቶ ለአገሪቱ ምክር ቤት አንድ ተቃዋሚ አበረከተች ማለት ነው። በ2007 እርሱም ቀርቶ 547ቱ በሙሉ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ በኦሮሚያ ተቃውሞው ፈነዳ። ምክር ቤቱ ውስጥ የሚናገርበት ያጣ ነገር መንገድ ላይ ወጣ።

የቀደሙት ታላላቆቻችን የባሰውን አይተዋል። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም መሬት ለአራሹ ያሉ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ነበሩ። የተለያዩበት ዋናው ነገር ከደርግ ጋር እየተቃወሙ መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ነበር። በዚያ ልዩነት ተጋደሉ። በመጨረሻም ደርግ ሁለቱንም በላቸው። በ1983 ሰኔ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባው ጉባኤ 87 መቀመጫ ያለው የሽግግር ምክር ቤት ሲቋቋም ጥሩ ጅምር መስሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ኦነግ ወጣ። እንግዲህ የእኛ ፖለቲካ ረጅም ታሪክ ሲታይ የመግባትና የመውጣት ታሪክ ነው፤ ውስጥ ተቀምጦ እየተጣሉ መሥራት የሚባለውን አልለመድነውም።

ይህን ስጽፍ ዘወትር በዓይኔ ፊት ያለው የራሳችን ትምህርት ነው። በመድረሳ ያደገ ሰው አለመስማማትን እንደ ነውር አይማርም፤ በሥርዓት ነው የሚማረው። ከወሎ የመጣው ሐነፊይ ሸኽና ከሐረር ወገን የመጣው ሻፊዒይ ሸኽ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። አንዱ በሱብሒ ቁኑት ያደርጋል፣ ሌላው አያደርግም፤ ኢማሙ ቁኑት ሲያደርግ ሌላው ሰፉን ጥሎ አይወጣም። አንዱ የሌላውን ማስረጃ ያውቀዋል፤ በደርሱ ላይም ይሟገትበታል። ሙግቱ ከሰላቱ በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው መንግሥት እንደ መስጊድ ይሁን ለማለት አይደለም፤ ሰው የተለያየ አቋም ይዞ በአንድ ሰፍ መቆም እንደሚችል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ነው።

ደግሞም እኛው ራሳችን በቅርቡ ተፈትነናል። በ2004 በአወሊያ የተጀመረው የመጅሊሱ ጉዳይ ምን ያህል ቤት እንደከፈለ አንባቢ ያውቀዋል። የሕዝቡ ኮሚቴ አባላት ታስረው በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ በ2010 መጨረሻ ከመጅሊሱ፣ ከኮሚቴውና ከምሁራን የተውጣጡ ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን ምን ሲለው እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የሚመራ የዑለማ ምክር ቤት ተሰየመ፤ በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ቆመ ወይ? አልቆመም። በ2014 እንደገና ውዝግብ ነበር፤ አመራሩም ተለወጠ። ግን አዋጁ ቀረልን። ለአሥርተ ዓመታት የተጠየቀ ነገር የተገኘው ሁለቱ ወገኖች ስለ ሁሉም ነገር በተስማሙበት ቀን አልነበረም፤ ስለ አንድ ነገር በተስማሙበት ቀን ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም አንድ ነገር ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ምርጫ ማግሥት ከ1,000 በላይ ሰው ተገደለ። በኮፊ አናን ሽምግልና በየካቲት 2008 ኪባኪ ፕሬዚዳንት፣ ራይላ ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መንግሥቱን ተካፈሉ። ሚኒስትሮቹ ወደ 40 ደርሰው ሕዝቡ “ይህን ሁሉ ማን ይቀልባል?” ብሎ ነበር፤ ትክክልም ነው። ይሁንና የ2010 ሕገ መንግሥታቸው የወጣው በዚያ በማይዋደዱ ሰዎች መንግሥት ዘመን ነው።

በእኛም አገር ሳይሞከር አልቀረም። በጥቅምት 2002 አቶ መለስ ዜናዊና ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል የምርጫ ሥነ ምግባር ደንቡን አብረው ፈረሙ፤ የፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤትም ተቋቋመ። መድረክ ግን አልፈረመም፤ ከሰባት ወር በኋላ የመጣው ምርጫ ደግሞ 545 ሆነ። በመጋቢት 2011 ከ100 የሚበልጡ ፓርቲዎች ሌላ የቃል ኪዳን ሰነድ ፈረሙ። በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ ቁጥር 1265 አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙ፤ ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ በየካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨመረለት። ኦፌኮን የመሳሰሉ ፓርቲዎች ከውጭ ቆሙ፤ ጠመንጃ የያዘውም አልመጣም። እዚህም “አንገባም” እና “ከገባችሁ በእኛ ደንብ ነው” የሚሉትን ሁለት ድምፆች ሰማን። ከ1998ቱ ጋር መመሳሰሉ ያሳስበኛል።

በእኔ ግምት ከሁሉም የተለየው በመስከረም 2014 የሆነው ነው። በሰኔ 2013 ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አግኝቶ ብቻውን ሊያስተዳድር ሲችል ከተፎካካሪ ፓርቲዎች ሦስት ሰዎችን በካቢኔው አካተተ፤ ከኢዜማ፣ ከአብንና ከኦነግ። የኢዜማው ሰው የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። እኚህ ሰው ማን ናቸው? በ1997 የከንቲባ ወንበራቸው ላይ ያልተቀመጡት፣ በ1999 ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው፣ ተሰደው ሳለ በ2002 በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። አንድ ሰው ከሕዝብ ሥራ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ።

ስለ ፖለቲካቸው አልናገርም፤ አስተማሪ ነኝና ስለ ፈተናው ልናገር። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ እንደተሰረዘ እናስታውሳለን። ኩረጃ የተለመደ ነበር፤ ልጁ ሲያጠና ያደረ አባት ይናደድ ነበር፣ ልጁ የኮረጀ አባት ደግሞ ዝም ይል ነበር። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነ። አገር ጮኸ። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ቁጥር ለሕዝብ የሚናገር የገዢው ፓርቲ ሰው ይገኝ ነበርን? ቁጥሩ የብዙ ዓመት አስተዳደር ውጤት ነውና የራሱን ገበና መግለጥ ይሆንበታል። ሌላ ፓርቲ ያለው ሰው ግን ሊናገረው ይችላል። በ2017 ቁጥሩ 8.4 ደርሷል። አሁንም የሚያኮራ አይደለም፤ ግን ቁስሉ የት እንዳለ ታውቋል።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ አሉ፤ ተቃውሞአቸውም ከባድ ነው። “ካቢኔ የገባ ተቃዋሚ አፉ ይዘጋል፤ ይህ ትብብር ሳይሆን መዋጥ ነው” ይላሉ። ከኢዜማ ነባር አባላት መካከል በዚህና በመሰል ምክንያት ፓርቲያቸውን ትተው የወጡ አሉ። ደግሞም የሹመቱ ሰጪ አንድ ወገን ከሆነ ነሺውም እርሱው ነው። በምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ እንዲመሩ የተደረጉት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ በብዙ አገር የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረውን ኮሚቴ የሚመራው ተቃዋሚ ነው። እርሳቸው ግን በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ታሰሩ። እንግዲህ አንዱ ወንበር ሰጠ፣ አንዱ ወንበር ደግሞ ባዶ ሆነ። ለዚህ ነው የግለሰብ ሹመት ብቻውን ልቤን የማያሳርፈው። እኔ የምመኘው ደንብን ነው። 20 ሰው ተስማምቶ አጀንዳ የሚያስይዝበት ያ ቀላል ደንብ፣ የሒሳብ ኮሚቴውን ለተቃዋሚ የሚሰጥ የተጻፈ ሕግ፣ የተመረጠ ሰው የተናገረበትን ሳይፈራ የሚወጣበት በር። ወንበሩን የሚሰጠው የሰው ቸርነት ሲሆን የሚነሣውም የሰው ቁጣ ነው።

ተቃዋሚውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ከሁለት ጣት ዘመን ጀምሮ “ሁሉንም ካላገኘን ምንም አንነካም” የሚለው አነጋገር ጀግንነት መስሎ ይሰማል። 137ቱ ሰዎች ገብተው በዚያች ከተማ ስለ ውኃ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ቦይ አንድ ዓመት እንኳ ቢከራከሩ ምን ይፈጠር እንደነበረ አላውቅም። ምናልባት ተከልክለው ይወጡ ይሆናል። ግን የከለከላቸው ማን እንደሆነና በምን ጉዳይ እንደሆነ ከተማው በስም ያውቀው ነበር። በውጭ የቀረ ሰው የተሸነፈበትን ጉዳይ እንኳ ለሕዝቡ ማሳየት አይችልም።

ድሮ ደረሳዬ የነበረች አንዲት ልጅ በዚያ በ2015ቱ ፈተና ላይ ነበረች። ግማሹን አላመጣችም። አባቷ በ1997 ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ሁለት ጣትን የመረጠ ሰው ነው። ውጤቷን የሰማን ዕለት ልጠይቃቸው ብሄድ እናቷ ታለቅሳለች፤ እርሱ ግን ከት ብሎ ይስቃል። “ኡስታዝ፣ ከንቲባ ይሁንልኝ ብዬ የመረጥኩት ሰውዬ በሌላ በር መጣብኝ” አለኝ። እናቷ “አንተ ነህ ያመጣኸው!” ብላ ተቆጣችው። ልጅቷ በዚያው ዓመት በተጀመረው ሪሚዲያል ትምህርት ገብታ አለፈች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። አባትና እናቷ ስለዚያ ፈተና ዛሬም አይስማሙም፤ የመጓጓዣ ገንዘቧን ግን በየወሩ ተካፍለው ይልካሉ።